የባሻ አንጀትና የሰፈሩ ተልባ

ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ካሉት ጋሪ ነጂዎች መካከል ከኔ የበለጠ ስለ ሆድ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ፊት ለፊት እንከራከር። ስለ መብላት ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ማን የማያውቅ አለ? እኔ የምለው ስለ ውስጡ ነው፤ ስለ አንጀት። ትምህርት ቤት የቆየሁት ስሜን መጻፍ እስክችል ነው። የቀረውን በራሴ ነው የተማርኩት፤ ከሬዲዮ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ጀርባ፣ ጋሪዬ ላይ ከሚሳፈረው ሰው ወሬ። የአንጀቱን ትምህርት ግን ከገዛ አንጀቴ ነው ያገኘሁት። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ። እየበላችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጨርሱ።

ባሻ ፈረሴ ነው። ዳማ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ አረማመዱ ስብሰባ የረፈደበት የቀበሌ ሊቀመንበር። እኛ ሰፈር ባሻ ያልተሸከመለት ቤት የለም። የሙሽራ ቁምሳጥን፣ የእድር ድንኳን፣ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን፣ ቤት ሲሠራ አሸዋ፣ ሁሉም በሱ ነው። ክረምት ላይ ባጃጆቹ ጭቃ ውስጥ ተተክለው ሲንጫጩ ጎትቶ የሚያወጣቸውም እሱ ነው። እኔም ጋሪው ላይ ቆሜ፣ «ባጃጅ ነዳጅ ካላገኘ አይሄድም፤ ባሻ ግን ያገኘውን በልቶ ይሄዳል!» እያልኩ እፎክርባቸው ነበር።

ችግሩ ያገኘውን መብላቱ ላይ መጣ።

አንድ ቀን ጠዋት ከገበያው ጀርባ ትንሽ አቁሜው ነበር፤ ማለቴ ትንሽ ወሬ ይዞኝ ነበር። ስመለስ ባሻ ተኝቷል። ይነሳል፣ ይተኛል፣ ይንከባለላል፣ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል፣ ላቡ ይንጠባጠባል። እኔ ወዲያው በሽታውን አወቅኩት።

«ብርድ ነው!» አልኩ። «አፍንጫውን እዩት!»

ባለቤቴ ዘነቡ አጠገቤ ቆማ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ፈረሱ ሆዱን እያየ ነው፤ አንተ አፍንጫውን ታያለህ?» አለችኝ።

በአይሱዙ ጭነን ከአቃቂ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። እዚያ ዶክተር ህይወት የምትባል ልጅ ተቀበለችን። ቁመቷ የባሻን ትከሻ አይደርስም። «ዋናው ሐኪም መቼ ይመጣል?» ልላት አፌን ስከፍት እስከ ብብቷ የሚደርስ ጓንት አጥልቃ እጇን የት እንዳስገባች ብነግራችሁ ምሳ ትተዋላችሁ። ባሻ እንኳ ደንግጦ ዞር ብሎ አየኝ።

«አንጀቱ ታፍኗል። ሆዱ አሁኑኑ ተከፍቶ መታየት አለበት፤ አለበለዚያ አይተርፍም» አለች።

ዘነቡ ደግፋኝ ነው የቆምኩት፤ በኋላ ለሰፈሩ ሳወራ ግን እኔ ነኝ እሷን የደገፍኳት።

ዶክተሯ ቀጠለች። «ጋሼ፣ አንድ የምጠይቅዎት ነገር አለ። አንጀት ሲነካካ ይቆጣል። የተቆጣ አንጀት ደግሞ ሲድን እርስ በርሱ፣ አለዚያም ከሆዱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ፈረስ ላይ ይሄ ነገር ያስቸግራል። ከተጣበቀ ይታጠፍና እንደገና ይታፈናል። ስለዚህ ከመስፋቴ በፊት አንጀቱን የሚያንሸራትት ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ላፈስበት እፈልጋለሁ።»

እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ። «ከምንድን ነው የሚሠራው?» አልኳት።

«መነሻው ከእንጨትና ከጥጥ የሚወጣ ነገር ነው። አይስክሬም ለማወፈርም ይጠቀሙበታል።»

«ጉዳትስ አለው?»

እንግዲህ እኔ የጠበቅኩት መልስ የታወቀ ነው። በዚህ አገር «ጉዳት አለው ወይ?» ተብሎ «አለው» ያለ ሻጭ አይቼ አላውቅም። የራስ ምታት ቅባት የሚሸጠውም፣ ያገለገለ ጎማ የሚሸጠውም «ምንም ጉዳት የለውም!» ነው የሚለው። ይቺ ልጅ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች፣

«ሐቁን ልንገርዎት። ብዙ ፈረሶች ላይ ተሠርቶበታል፤ በአብዛኛው ደህና ነው። ግን ቁስሉ ቶሎ እንዳይገጥም ያደርግ ይሆን የሚል ስጋት አለ፤ ሆዱ ውስጥ ኢንፌክሽን ካለም እንዳያባብስ ይፈራል። ካላፈሰስኩት ደግሞ የመጣበቁ አደጋ አለ። ሁለቱን ሳመዛዝን ለሱ ማፍሰሱ ይሻላል ባይ ነኝ። ዋስትና ግን አልሰጥዎትም፤ ሁሉንም አላውቅም» አለችኝ።

አላውቅም! ሐኪም! እንደዚያ ነጭ ለብሳ! እኔ እንኳ ይቺን ቃል ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። መንገድ የጠየቀኝን ሰው ሰፈሩን ባላውቀው እንኳ በእጄ አሳይቼ፣ «ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፍ» ብዬ ነው የምሸኘው። ብዙ ሰው እስከዛሬ እየተጣጠፈ ይሆናል።

ዘነቡን አየኋት። ዘነቡ ባሻን አየችው። ባሻ ጎኑን አየ።

«አፍሺበት ልጄ፤ የማታውቂውን ከነገርሽኝ የምታውቂው አያሳስበኝም» አልኳት።

ከባሻ ሆድ የወጣውን ብታዩ ጉድ ትሉ ነበር። ሰማያዊ ገመድ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ክር፣ ከነቋጠሮው አንድ ፌስታል። ፌስታሉ ተፈቶ ሎሚ ቢወጣበት አልደነቅም ነበር። ያበጠውን አጥባ፣ አስተካክላ፣ ያንን ፈሳሽ አፍስሳ ሰፋችው። ባሻም ከሰመመኑ ነቅቶ እግሩ እየተወላገደ ቆመ፤ ሠርግ ውሎ እንደመጣ ሰው።

ያኔ ዶክተሯ ትእዛዟን ሰጠችኝ። «በአፉ ምንም ነገር እኔ ሳልፈቅድ አይግባ። ምንም! የሚያስፈልገውን ውሃ በደም ሥሩ እሰጠዋለሁ። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ የገባው ወደ ታች አልሄድ ካለ ተመልሶ መውጫ የለውም፤ ሆዱ ይፈነዳል። ሌላው፣ ቀስ አድርገው እየመሩ ያራምዱት፤ አንጀቱ እንዲንቀሳቀስ። የምንጠብቀው ፋንድያ ነው። ፋንድያ ከጣለ አንጀቱ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። እስከ ነገ ከሰዓት ካልጣለ ግን ሁለተኛ ልከፍተው እገደዳለሁ። ሁለተኛውን ይቻለው አይቻለው…»

«አታውቂም» አልኳት።

«አላውቅም» አለች።

እኔ አስታማሚ ሆኜ እዚያው ቀረሁ። ስልኬ መጮህ ጀመረ። ጎረቤቱ፣ እድርተኛው፣ ጋሪ ነጂው፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ይደውላል። «ባሻ እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ ዝም እንዳልል የተማርኩ ሰው ነኝ።

«አንጀቱ እንዳይጣበቅ እንደ ተልባ ያለ ነገር አፍስሰውበታል!» አልኩ።

ለመጀመሪያው ደዋይ ይሄንኑ ብቻ አልኩት። ለሚቀጥለው፣ ዶክተሯ እኔን አማክራ እንዳፈሰሰችው ነገርኩት። ባትሪዬ ሊያልቅ ሲል የደወለው ሰውዬ ግን ሐሳቡን ያፈለቅኩት እኔ፣ ያፈሰስኩትም እኔ፣ ዶክተሯ ደግሞ ባልዲ ያዥ እንደነበረች ነው የሰማው።

በማግስቱ ጠዋት የክሊኒኩ በር ተንኳኳ። ሸምሱ ነው። ሸምሱ ጋሪ ማቆሚያችን አጠገብ ቅመማ ቅመም የሚሸጥ ስልጤ ወዳጄ ነው፤ የሱቁን እቃ በሙሉ የሚያመላልስለት ባሻ ነው። እጁ ላይ እስከ አፉ የሞላ ትልቅ ጆግ ይዟል።

«እንዴት አደርክ ወንድሜ? ታማሚው የታለ?»

«ያውልህ። ያንተስ ጆግ ምንድን ነው?»

«ተልባ ነዋ! እንደ ተልባ ያለ ነገር አፈሰሱበት ስትለኝ ሳስበው አደርኩ። ‹እንደ› ለምን አስፈለገ? ራሱ ተልባው እያለ!»

ሸምሱን ልቆጣው አልቻልኩም። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኛ ዘንድ ታማሚ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ይዞ መምጣቱ ብቻም አይበቃም፤ የመጣው ነገር ጠያቂው ዓይኑ እያየ መቀመስ አለበት። ሳይቀመስ ከቀረ እንደ ስድብ ነው።

«ሸምሱ፣ በአፉ ምንም እንዳይገባ ተብሏል።»

«ወላሂ ሳይቀምስ አልሄድም! ትንሽ ብቻ!»

«ዶክተሯ ከልክላለች ስልህ!»

ሸምሱ ፊቱ ጠቆረ። «የኔ ተልባ ነው የሚጎዳው? ተልባ ምን ጉዳት አለው? የሐኪሟ ሲፈስ ዝም ብለህ የኔ ሲሆን ከለከልክ?»

ይሄኔ ነው ያ የተረገመ ብልሃት የመጣልኝ። «ስጠኝ፣ እኔ ልቅመስለት» አልኩት። «አስታማሚ አይደለሁ? የሱ አፍ እኔ ነኝ።»

ግማሹን ጆግ ዓይኑ እያየ ጠጣሁት። ሸምሱ ፊቱ በራ። «ማሻአላህ! ይማርልህ!» ብሎ ባሻን ግንባሩን ዳብሶ ወጣ። ችግሩ፣ ወጥቶ ዝም አላለም። በሩ ላይ የቆሙትን «ግቡ፣ እሱ ይቀበልለታል!» አላቸው።

የቆሙትን ስላችሁ ሰልፍ ማለቴ ነው። ግማሹ ሰፈር መጥቷል። ሁሉም ደግሞ በስልክ የሰማው ያንኑ ነው። ተልባ በጆግ፣ ተልባ በፔርሙስ፣ ተልባ በጄሪካን! ማር ያለበት፣ ጨው ያለበት፣ የተቆላ፣ ያልተቆላ፣ አንደኛዋ «ለጉልበት ብዬ ነው» ብላ በርበሬ የጨመረችበት። አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ ያ ሁልጊዜ የምፎክርበት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው የመጣው። ሰው ሲያለቅስ ተልባውን አልጠጣም ይባላል? ጠጣሁ።

«የኔንም ቅመስለት።»

«እሺ።»

«ምነው የሷን ብዙ ጠጥተህ የኔን ከንፈርህን ብቻ አስነካህ?»

«እሺ እሺ፣ አምጭው።»

በመጨረሻ ዘነቡ መጣች። ተመስገን፣ ሚስቴ መጣች፣ ታድነኛለች ብዬ ተነሳሁ። ከነጠላዋ ሥር ፔርሙስ አወጣች።

«አንቺም?!»

«ምን ልሁን? ሰፈሩ ሁሉ ይዞ ሲመጣ የቤቱ እመቤት እጄን ላወዛውዝ? ቅመስለት!»

ይሄ ሁሉ ሲሆን ግን ባሻ ያው ነው። እየመራሁ አራምደዋለሁ፤ ጭራውን አያለሁ። ምንም። ሰውም ሁሉ ከኋላው ቆሞ ጭራውን ያያል። እንዲህ በጉጉት የታየ ጭራ አቃቂ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ ጋሽ ወርዶፋ መጡ። ጋሽ ወርዶፋ የድሮ ባቡር ሠራተኛና የእድራችን ዳኛ ናቸው። እሳቸው ሲናገሩ ቁራ እንኳ ይቀመጣል። አንገቱ ረዥም ጠርሙስ ይዘዋል፤ ውስጡ ተልባ። እኔ ልቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። «እኔ የመጣሁት ታማሚውን ልጠይቅ ነው። አፉን ያዝልኝ፣ ልጋተው።»

«ጋሽ ወርዶፋ፣ ዶክተሯ…»

«እኔ ፈረስ ስግት እናቷም አልተወለደችም ነበር። ያዝ!»

ጠርሙሱን ይዘው ቀረቡ። ባሻ ደግሞ ጠምቶታል፤ ምስኪኑ ከንፈሩን አሹሎ ወደ ጠርሙሱ ተንጠራራ። እኔ ጋሽ ወርዶፋን በዕድሜዬ «እምቢ» ብያቸው አላውቅም። ሠርጌን ያስተናበሩት፣ አባቴን የቀበሩልኝ፣ ከዘነቡ ጋር ስጣላ የሚያስታርቁን እሳቸው ናቸው። ግን እግሬ ራሱ ሄዶ መሐል ገባ።

«አይሆንም!» አልኩ።

ሸምሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን አልክ?»

«አይሆንም፣ ጋሽ ወርዶፋ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይጎዳዋል?»

«አላውቅም!»

«አይጎዳውም ታዲያ?»

«እሱንም አላውቅም! ስለማላውቅ እኮ ነው! ከገባ መውጫ የለውም፤ ማስመለስ እንኳ አይችልም። እኔ ባሻን በማላውቀው ነገር አልገድለውም!» ድምፄ ተሰነጠቀ መሰለኝ። ተልባው ነው።

ጋሽ ወርዶፋ ጠርሙሱን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ሰማችሁ? ይሄ ሰውዬ አላውቅም አለ። ነገሩ እውነትም ከባድ ነው» አሉ።

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። ዘነቡ ግን ስትገባ አጣብቃ የያዘችውን ነጠላዋን ለቀቅ አድርጋ፣ ካገባችኝ ጀምሮ አይታኝ በማታውቀው ዓይን አየችኝ። ደስ አለኝ። ሲቆይ ደግሞ ተናደድኩ፤ ባወቅኩት ሁሉ ያልተከበርኩ ሰውዬ ባላወቅኩት ልከበር?

«በል እንግዲህ» አሉ ጋሽ ወርዶፋ ጠርሙሱን እየዘረጉልኝ። «ለፍቼ ያመጣሁት ነው። ሙሉውን።»

ሙሉውን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጨዋ ቋንቋ ለመናገር እሞክራለሁ። መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ የድሮው ባቡር ተነሳ። ፉጨቱን ዘነቡም ሰምታዋለች። ባሻን ይዤ ጥቂት እንደሄድኩ ገመዱን ለሸምሱ ወርውሬ ሮጥኩ። የክሊኒኩ ሽንት ቤት ደግሞ ግቢው ዳር፣ ከላሞቹ ጋጣ ጀርባ ነው። ተመለስኩ፣ ገመዱን ያዝኩ፣ እንደገና ሮጥኩ። በኋላማ ላሞቹ ሳልፍ ቀና ማለት ተዉ፤ ለመዱኝ። ባሻን ሰዉ እየተቀባበለ ያራምደው ጀመር። ጋሽ ወርዶፋ ከፊት ገመዱን ይዘው፣ ሸምሱ ከጎን፣ ሴቶቹ ከኋላ፤ ሙሽራ የሚሸኙ ነው የሚመስሉት። እኔ የፈረሱ ባለቤት በተቃራኒው አቅጣጫ እበራለሁ።

ዶክተር ህይወት ሌላ በሽተኛ አክማ ስትመጣ መንገድ ላይ ተገናኘን።

«ጋሼ! ምን ሆነው ነው? ፊትዎ አመድ መስሏል።»

«ጉዳት አለው ወይ ብዬ ጠይቄሽ አልነበር? አለው! እኔ ላይ ወጣ!»

ግራ ገብቷት ወደ ባሻ ጋጣ ስትሄድ የተደረደረውን ጆግ አየች። ደሟ ከፊቷ ሲሸሽ አየሁ። «ባሻ ከዚህ ቀምሷል?»

«አንድ ጠብታ አልነካም! ሁሉንም የጠጣሁለት እኔ ነኝ» አልኳት ከሩቅ፣ እየሮጥኩ።

ደረቷን ይዛ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳችና ማዳመጫዋን ባሻ ጎን ላይ አደረገች። አዳመጠች። ቦታ ለወጠች። አሁን አትስቅም።

«ትንሽ ድምፅ አለ። ግን ትንሽ ነው» አለች። ፀሐይዋን አየች። ለረዳቷም ቀስ ብላ፣ «ለማንኛውም የቀዶ ጥገናውን እቃ ቀቅሉት» አለችው።

ይቺን ሁሉም ሰማት። ባጃጅ ነጂው ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ገመዱን ተቀብዬ ባሻን አንገቱን አቀፍኩት። «ባሻዬ፣ እኔ ይኸው ላንተም ለራሴም ሠራሁ። አንተ ደግሞ አንዲት ብቻ። አንዲት!» አልኩት በጆሮው። ጆሮውን አርገፈገፈ። በቃ፣ እስኪመጣ ከዚህ አልነቃነቅም፣ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ ብዬ ማልኩ።

ሆዴ መሐላዬን አልሰማም።

ሮጥኩ። በሩን ዘጋሁ። ተቀመጥኩ። ውጭው ጸጥ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ጸጥታ አልወድም። ሄደው ይሆን? ባሻ ወድቆ ይሆን? ብዬ ሳስብ ድንገት ግቢው በእልልታ ተናጋ! የዘነቡ እልልታ ነው፤ ከመቶ ሴት እልልታ መሐል እለየዋለሁ። ላሞቹ እምቧ አሉ።

«ምንድን ነው?!» ብዬ ጮህኩ ከውስጥ።

ሸምሱ እየሮጠ መጥቶ በሩን ደበደበው። «ጣለ! ጣለ! ወላሂ ጣለ! ውጣና እይ!»

«አልችልም!»

«ኧረ ውጣ፣ ያምራል!»

«ሸምሱ፣ አልችልም ስልህ! ምን ይመስላል?»

«ኧረ ልዩ ነው! ድብልብል፣ ትኩስ፣ እንፋሎት ያለው!»

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደግሞ ሳቅኩ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ በዚያ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው አይመከርም። ጥቂት ቆይቶ የዘነቡ ድምፅ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ በሩን ትንሽ ከፈት አድርግ።» በስንጥቁ የፔርሙሷን ክዳን አቀበለችኝ። ክዳኑ ላይ አንዲት ድብልብል ፋንድያ ተቀምጣለች። «ያንተ ድርሻ» አለችኝ። በዕድሜዬ ብዙ ስጦታ ተቀብያለሁ፤ ያቺን የሚያክል የለም።

ባሻ ውሎ አድሮ ትንሽ ትንሽ እርጥብ ሣር ተፈቀደለት። ቁስሉም ሳያመረቅዝ ገጠመ። ዶክተሯን ያስፈራት ነገር አልደረሰም፤ አንጀቱም እርስ በርሱ ሳይጣላ ሥራውን ይሠራል። ተልባው ግን ሰው ላይ ተሞክሯል፤ ውጤቱን የሚፈልግ እኔን ይጠይቅ።

እኔ ግን ጋደም አልኩ። ይሄን የሰማ ሰፈር ዝም ይላል? በማግስቱ ቤቴ መጡ። ሸምሱ አጥሚት፣ ባጃጅ ነጂው ሙዝ፣ ጋሽ ወርዶፋ «ሆድ ያሥራል» ብለው በጠርሙስ ምን እንደሆነ ያልነገሩኝ ነገር። «ጉዳት አለው?» ብላቸው «ምንም ጉዳት የለውም!» አሉኝ። ሁሉም አልጋዬን ከበው ቆሙ። «ፊታችን ቅመስ!» ይላሉ። በመስኮቱ ወደ ግቢ አየሁ። ባሻ ሣሩን እያላመጠ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። እኔ ለሱ የሰፈሩን ተልባ ጨርሻለሁ። እሱ ግን አንዲት ማንኪያ እንኳ አልቀመሰልኝም።